ትልቁ ወጨጫ ነው፤ መናገሻ ከቀኙ ያለው ነው

ከቡራዩ የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ጠያቂው ከቤታቸው ሰገነት ሆነው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመለከቱ ሁለት ተራሮች ይታዩአቸዋል፤ አንዱ ሰፊና ከፍ ያለ ሲሆን ሌላው ከእርሱ በስተቀኝ ለብቻው የቆመ፣ አነስ ያለ ነው። የባለቤታቸው አባት ትልቁን «መናገሻ» ይሉታል፤ በአካባቢው ተወልደው ያረጁ ጎረቤታቸው «ወጨጫ ነው እንጂ» ይላሉ፤ የስልካቸው ካርታ ደግሞ እዚያው ላይ «ሱባ» የሚል ጽሑፍ ያሳያቸዋል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ከቤቷ የሚታዩትን ተራሮች ስም ጽፋ እንድትመጣ ስለታዘዘች፣ የቱን ስም ከየትኛው ተራራ ጋር እንደምታገናኝ ቸግሯቸው ነው የጻፉልኝ።

ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ትልቁ ወጨጫ ነው። በስተቀኙ የሚታየው ትንሹ ደግሞ የመናገሻ ተራራ ነው፤ በላዩ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ምክንያት አምባ ማርያም ሲባል የሚሰሙትም እርሱ ነው። ሱባ የደን ስም እንጂ የተራራ ጫፍ ስም አይደለም፤ ደኑም የሚገኘው ከእርስዎ በተቃራኒ በኩል፣ በወጨጫ ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከቡራዩ ሆነው ቢፈልጉት አያገኙትም። ይሁን እንጂ የባለቤትዎን አባት «ተሳስተዋል» ከማለትዎ በፊት የሚከተለውን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ እርሳቸው ያንን ስም የሚጠሩበት በቂ ምክንያት አላቸው።

መናገሻ የሚለው ቃል ከ«ነገሠ» የወጣ ነው፤ የሚነገሥበት ቦታ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ነገሥታት በዚያ ተራራ ላይ ይነግሡ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ ስሙም መጀመሪያ የተሰጠው ለዚያች ለብቻዋ ለቆመች አምባ ነው። ስም ግን በተሰጠው ቦታ ላይ ተወስኖ አይቀርም። ከአምባው ግርጌ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ መናገሻ ተባለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አዲስ አበባን የሚከበው ሰፊ አገር መናገሻ አውራጃ ይባል ነበር። በወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለው የመንግሥት ደንም መናገሻ ሱባ ተብሎ ተሰየመ። ስለዚህ በአውራጃው ዘመን ያደገ ሰው፣ በመናገሻ አውራጃ ውስጥ ያለውን፣ መናገሻ የሚባል ደን የተሸከመውን፣ ከመናገሻ ከተማ በላይ የሚታየውን ትልቅ ተራራ «መናገሻ» ቢለው፣ ስሙን ከየትም አላመጣውም። የተሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ስም የትንሹ ተራራ ስም እንደነበረና ትልቁ የራሱ ስም እንዳለው።

የእኛ አገር የተራራ ስም ውዝግብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሰዎች ስለማያውቁ አይደለም። አንድ ስም የአንድን ጫፍ፣ የመላውን ተራራ፣ በላዩ የበቀለውን ደንና ከሥሩ ያለውን አገር በአንድነት ስለሚጠራ፣ ሁለት ሰዎች ያንኑ ቃል እየተናገሩ ሁለት የተለያየ ነገር ያስባሉ። የደኑን ጉዳይ ይውሰዱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል፤ ዛሬም ትልልቅ ጽዶችና ዝግባዎች፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ኮሶና አስታ ይታዩበታል። ይህ ታሪክ የሚነገረው ብዙ ጊዜ «የመናገሻ ደን» ተብሎ ነው። ሰሚውም በአምቦ መንገድ ላይ ሲያልፍ የመናገሻን አምባ በደን ተሸፍኖ ያየዋልና (አምባ ማርያምም የራሱ ጥሩ ደን አለው) «ለካ ያ ደን ይህ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ደኖች ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በአምባው ላይ፣ ሌላው ከዚያ በስተደቡብ በወጨጫ ጀርባ ላይ ነው። ይህ ስሕተት በጽሑፍም ጭምር ደጋግሞ አጋጥሞኛል፤ የሱባን ደን ታሪክ እየተረኩ የአምባውን ፎቶ አብረው የሚለጥፉ ብዙ ናቸው።

ወጨጫ ራሱ ለስያሜ የማይመች ተራራ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ካለው ከፉሪና በስተደቡብ ምሥራቅ ካለው ከየረር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ሦስቱም ትራኪት በሚባል ዓይነት ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው እንጦጦ ከእነዚህ በዕድሜ እጅግ ይቀድማል። ዝናብና ወንዝ የወጨጫን አናት ለዘመናት ስለቦረቦሩት፣ ዛሬ አንድ ሹል ጫፍ የለውም፤ የተሰባበረ ዳርቻ ላይ የተደረደሩ ብዙ አናቶች አሉት። ከሰበታ በኩል ያለ ሰው «ጫፉ» ብሎ የሚያሳይዎትና ከቡራዩ በኩል ያለ ሰው የሚያሳይዎት አንድ አናት ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ለእርሱ የቀረበውን ነው የሚያየው፤ የቀረበው ደግሞ ከኋላው ያለውን ከፍተኛ ይከልለዋል።

ይህን በመጻሕፍት ከመማሬ በፊት በራሴ ስሕተት ነው የተማርኩት። በቅየሳ ሥራ ላይ ገና አዲስ ሳለሁ፣ ከሰበታ በላይ ባለው የወጨጫ ትከሻ ላይ ቆመን የቦታ ስሞችን እንሰበስብ ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ ከብት እየነዱ ሲያልፉ አገኘኋቸውና ጣቴን ወደ ላይ፣ ወደ አንድ አናት ቀስሬ ስሙን ጠየቅኋቸው። ዞር ብለው ጣቴን ተከትለው አዩና ያለ ማመንታት ስም ነገሩኝ፤ እኔም በእርሳስ ከአናቱ ምልክት አጠገብ ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ከዚያ በላይ ወዳለው መንደር ደርሰን ሰዎችን ስንጠይቅ፣ ያ ስም ከአናቱ በታች ያለ የከብት ማሰማሪያ መስክ ስም ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ አላሳሳቱኝም፤ ጣቴን የተከተሉት እስከ መስኩ ድረስ ነበር። ከብቶቻቸው የሚውሉት፣ እርሳቸውም በየቀኑ የሚወጡበት መስኩ ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው ባዶ ድንጋይ ለእርሳቸው ስም የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ያንን ጽሑፍ ስፍቀው ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የተራራ ስም ስጠይቅ በጣቴ ብቻ አልጠይቅም፤ «በዚያ ላይ የሚወርደው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ከጀርባው የማን መንደር አለ?» ብዬ እጨምራለሁ፤ ከተራራው ሦስት ጎኖች ሦስት ሰዎችን ሳልጠይቅም አልጽፍም።

ወደ እርስዎ ሰገነት እንመለስ። ዓይን ከፍታን አይለካም፤ የሚለካው ማዕዘን ነው። ወጨጫ በአብዛኞቹ ምንጮች ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ የመናገሻ አምባ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ይላል። ከቡራዩ ሲታዩ ሁለቱም ራቅ ስለሚሉ ትልቁ ትልቅ መስሎ ይታያል፤ በዚህ ዕድለኛ ነዎት። አሁን በአምቦ መንገድ ወደ መናገሻ ከተማ ይሂዱ። ለምሳሌ አምባው ከቆሙበት መሬት በ350 ሜትር ከፍ ብሎ በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ዓይንዎን ወደ 7 ዲግሪ ያህል ቀና ማድረግ አለብዎት። ወጨጫ ከቆሙበት በ800 ሜትር ከፍ ብሎ በ9 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ግን የሚያስፈልግዎ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቦታ አምባው ከወጨጫ በልጦ ይታያል፤ በዚያች ከተማ ያደገ ልጅም «ትልቁ ተራራ መናገሻ ነው» ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። የባለቤትዎ አባት በልጅነታቸው የት እንደኖሩ ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል፤ እኔ ወደ ሆለታ በኩል ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ተራራን በመልኩ ብቻ መለየት አያስተማምንም፤ ከየት ሆነው በየትኛው አቅጣጫ እንዳዩት መያዝ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የለም። ክረምቱ አልፎ አየሩ በታጠበበት በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ በማለዳ ልጅዎን ይዘው ወደ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ይውጡና ከተማዋን ወደ ታች እያዩ ፊትዎን ወደ ደቡብ ያዙሩ። ከበጋው አጋማሽ በኋላ ከሄዱ ጭጋጉና አቧራው ሩቁን ስለሚሸፍነው ግማሹን አያገኙትም። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ቡጢ ሲጨብጡ፣ የቡጢው ወርድ ከዓይንዎ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የልጅ ክንድ ቢያጥርም ቡጢዋም ስለሚያንስ ለእርሷም ያው ነው።

በስተግራ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚታየው ሰፊ ትከሻ ያለው ተራራ የረር ነው። ከእርሱ ወደ ቀኝ ከሦስት እስከ አራት ቡጢ ሲቆጥሩ፣ ወደ ደቡብ ሊቃና ጥቂት ሲቀረው፣ በሩቁ ሜዳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ፣ አናቱ የተቆረጠ የሚመስል ተራራ ያገኛሉ፤ ይህ ዝቋላ ነው። አናቱ የተቆረጠ የሚመስለው በእርግጥም በላዩ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስላለ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ፣ በዳርቻው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ፤ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ምእመናን የሚጎርፉበት ነው። ከዝቋላ ወደ ቀኝ ሦስት ቡጢ ያህል አልፈው፣ ከከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ጋር የተጣበቀ የሚመስለው ፉሪ ነው። ከዚያ አራት ቡጢ ያህል ተጉዘው ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ሲደርሱ ሰፊው ወጨጫ ይቆማል፤ ከእርሱ በስተቀኝ አንድ ተኩል ቡጢ ያህል ርቆ፣ ዝቅ ብሎ የመናገሻ አምባ አለ። አምስቱም በአንድ ዙር እይታ ውስጥ ናቸው፤ ልጅዎ አንድ ጊዜ በራሷ ቡጢ ከቆጠረቻቸው ዳግመኛ የምትረሳቸው አይመስለኝም።

በዚህ እይታ ውስጥ የረርና ዝቋላ ሌላ የሚያወዛግቡ ጥንድ ናቸው። በምሥራቁ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች «ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ሲሉ ይጠይቁኛል፤ አብዛኞቹም ዝቋላ ይመስላቸዋል፤ ምክንያቱም ዝቋላ በዝቅተኛ ሜዳ ላይ ብቻውን ስለተነሣ ግርማው ይበልጣል፣ ስሙም በገዳሙ ምክንያት ገናና ነው። በቁጥር ግን የረር 3,100 ሜትር ያህል ሲሆን ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው። ከእንጦጦ ሲያዩት ደግሞ ዝቋላ የባሰ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በቀጥታ ሲለካ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የምድር ክብነት ብቻውን፣ የአየሩ ብርሃን የማጠፍ ባሕርይ ተቀናንሶለት እንኳ፣ ወደ 250 ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ከቡራዩ እስከ ወጨጫ ባለው ርቀት ግን ይህ ነገር ከ15 ሜትር አይበልጥምና አያስቡበት።

እንጦጦን ራሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጅዎ በዝርዝሯ ውስጥ «የእንጦጦ ተራራ ጫፍ» ብላ ልትጽፍ ትችላለችና። እንጦጦ እንደ ዝቋላ ያለ ብቸኛ ተራራ ሳይሆን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ረጅም ሸንተረር ነው። ማርያም ያለችበት አናትና ራጉኤል ያለበት አናት የየራሳቸው ናቸው፤ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያው የቆመበት 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ይህ ሸንተረር የውሃ መከፈያም ነው፤ በስተደቡብ የዘነበው ዝናብ በከተማዋ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በስተሰሜን ወደ ሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ «እንጦጦ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብልኝ፣ የትኛው አናት እንደሆነ መልሼ ሳልጠይቅ ቁጥር አልሰጥም።

ሌላው የመወዛገቢያ ምንጭ ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት አብዛኞቹ የተራራ ስሞች ከኦሮምኛ የመጡ ወይም በሁለቱም ቋንቋዎች በየራሳቸው ድምፅ የሚጠሩ ናቸው፤ ዝቋላ በኦሮምኛ ጩቃላ ነው። «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ወይም ተራራ ማለት ነው፤ «ዲምቱ» ደግሞ ቀይ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «የቱሉ ዲምቱ ተራራ» ብሎ ሲጽፍ ተራራን ሁለት ጊዜ መጥራቱ ነው፤ ይህ ቀላል ነው፤ ከባዱ ግን ስሙ ገላጭ ስለሆነ ቀይ አፈር ባለበት ሁሉ ሊደገም መቻሉ ነው። አቃቂ በኩል ያለው ቱሉ ዲምቱ የሰፈርና የኮንዶሚኒየም ስም ሆኗል፤ በባሌ ያለው ቱሉ ዲምቱ ግን 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ከአገራችን ታላላቅ ተራሮች አንዱ ነው። አንድ ተማሪ የባሌውን ከፍታ ለአቃቂው ሰጥቶ የጻፈውን ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጁ ቁጥሩን በትክክል ነበር የገለበጠው፤ ተራራውን ብቻ ነው የሳተው። በዚህ ምክንያት ስም ስትጽፍ ሁልጊዜ አገሩን ከጎኑ እንድትጽፍ ልጅዎን አደራ እላታለሁ።

ከፍታዎቹን በተለያየ ቦታ ስታነብ ቁጥሮቹ ቢለያዩባትም አትደንግጥ። ወጨጫን 3,385 የሚሉም 3,391 የሚሉም አሉ። ይህን ያህሉ ልዩነት የትኛው አናት እንደተለካ፣ በምን መሣሪያ እንደተለካና ከየትኛው የባሕር ወለል መነሻ እንደተቆጠረ በማየት ይፈታል። በአገራችን ከፍተኛው ራስ ደጀን እንኳ በድሮ የትምህርት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነበር፤ የኋለኞቹ ልኬቶች ወደ 4,550 እና ከዚያም በታች አውርደውታል። ተራራው አልተቀነሰም፤ ልኬቱ ነው የተስተካከለው።

ስለ ስልኩ ካርታ ጥቂት ልበል። በስልክ ካርታ ላይ የሚታይ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአንድ ሰፊ ክልል መሐል ላይ ነው። ሱባ ሰፊ ደን ስለሆነ ጽሑፉ በተዳፋቱ ላይ ይወድቃል፤ ካርታውን አሳንሰው ሲያዩት ደግሞ ተራራውን የሚሰይም ይመስላል። ካርታውን ያጉሉት፤ ጽሑፉ ከአናቱ እየራቀ ወደ ምዕራብ ሲሸሽ ያዩታል። ስሞቹም በብዙ ሰዎች እጅ የሚጻፉ ናቸው፤ ያልተጠራ አናት ሲያገኙ የደኑን ወይም የቀበሌውን ስም የሚለጥፉበት አሉ። አስተዳደርም በበኩሉ የተራራን ስም ይወስዳል፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ፉሪ ተብሏል፤ ከእንግዲህ «ፉሪ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ተራራው ላይ ይኖራል ማለት አይደለም። አስተማማኝ የሚሆነው 1 ለ50,000 በሆነ መጠን የታተመው የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነው፤ የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ስለተሰመሩ፣ ከሰገነትዎ ተነሥተው ወደ ተራራው ቀጥ ያለ መስመር ቢያሰምሩ የትኛው አናት የትኛውን እንደሚከልል በእርሳስ ቆጥረው ያገኙታል። በኮምፓስም ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ከሰገነትዎ አንድ ጊዜ፣ ከሌላ ከሚያውቁት ቦታ ለምሳሌ ከገፈርሳ ግድብ አጠገብ ደግሞ አንድ ጊዜ አቅጣጫውን ይለኩና ሁለቱን መስመሮች በካርታው ላይ ያሰምሩ፤ የሚገናኙበት ነጥብ ተራራው ነው። በእኛ አካባቢ የኮምፓሱ ሰሜንና የካርታው ሰሜን የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ችግር አይፈጥርም፤ የሰገነቱ ብረት ግን መርፌውን ስለሚስበው ከአጥሩና ከቆርቆሮው ራቅ ብለው ይለኩ።

ልጅዎ በወረቀቷ ላይ እንዲህ ብትጽፍ መምህሯም እኔም እንስማማበታለን፤ «ከቡራዩ፣ ከቤታችን ሰገነት፤ በደቡብ ምዕራብ ወጨጫ፤ ከእርሱ በስተቀኝ መናገሻ ወይም አምባ ማርያም። የሱባ ደን ከወጨጫ ጀርባ ስለሆነ ከዚህ አይታይም።» ከሥሩም «አያቴ ወጨጫን መናገሻ ይሉታል» ብላ ትጨምርበት፤ የሚነገር ስም ሁሉ የሚመዘገብ ነው፤ ከማን እንደተሰማ እስከተጻፈ ድረስ ስሕተት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጎረቤትዎ በዚያ አካባቢ ተወልደው ያረጁ ከሆነ፣ ወጨጫ የሚለውን የጋራ ስም ብቻ ሳይሆን የየአናቱን፣ የየትከሻውንና የየሸለቆውን ስም የሚያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህ ስሞች አብዛኞቹ በየትኛውም ካርታ ላይ የሉም። በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ብርሃኑ ከምሥራቅ ተራራው ላይ ሲያርፍና ሸለቆዎቹ በጥላ ተለይተው ሲታዩ፣ ሰገነትዎ ላይ ቡና አፍልተው ይጋብዟቸው። ልጅዎ የተራራውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ታስምር፤ እርሳቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየነገሯት ስሞቹን እርሳቸው በሚጠሩበት ድምፅ፣ ሳታቃና ትጻፋቸው፤ ውሃው ወዴት እንደሚወርድም ትጠይቃቸው።